የድሮው ሙስታንግ በኩርባ ላይ፦ ማጠንከር ወይስ መተካት?
እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ፎርድ ሙስታንግ ቀጥ ባለ መንገድ ይጋልባል፤ ኩርባ ላይ ግን ያጋድላል። የኋላ አክስሉን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) ነው።

አንደኛው አማራጭ የፋብሪካውን አሠራር ጠብቆ ማጠንከር ነው፦ ጠንከር ያለ ሞላ፣ ጥሩ ሾክ አብዞርበር፣ ማጋደልን የሚቀንስ ወፍራም የፊት ማመጣጠኛ ዘንግ። ለውድድር የተዘጋጀው ሙስታንግ፣ የ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350፣ እንዳደረገው የፊተኛውን የላይ ክንድ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ማሰሪያ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማድረግም ይቻላል። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ በዚህ ርካሽ ሥራ መኪናው ሲያጋድል ጎማው አስፋልቱን ይበልጥ ይይዛል። ከሁሉም የምወደው ማሻሻያ ይህ ነው።

ሁለተኛው ባሌስትራውን አውጥቶ አክስሉን በአራት ክንዶችና በሞላ ማሰር ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የነበረው የባሌስትራ መጠምዘዝ ይቀራል፣ ከፍታውም ይስተካከላል። ነገር ግን ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብየዳ ይጠይቃል። ለውድድር ካልሆነ አልመክረውም። ያረጀ ጎሚኒ (በመጋጠሚያዎች ላይ ያለ ጎማ) ሳይቀየር ደግሞ የትኛውም አይጀመር።