ማጨዱንስ ሁሉም ያጭዳል፤ ነዶውን ማን ያነሳል? የማጨጃ ማሽኖች ንጽጽር ከሀሲና ከማኮርሚክ ዘመን ጀምሮ

የማጨጃ ማሽን ሻጭ ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው። በቀን ይህን ያህል ጥማድ ያጭዳል፣ የዚህን ያህል ሰው ሥራ ይሠራል ይላል። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ገዢን የሚያከስረው ግን ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ነው። ማሽኑ ቆርጦ ካለፈ በኋላ እህሉ የት ይወድቃል? ማን ይሰበስበዋል? ነዶውን ማን ያስራል? አጨዳው በአንድ ቀን አልቆ ለመሰብሰብ ሳምንት ሙሉ ደቦ የሚለመን ከሆነ፣ የተገዛው ማሽን ሳይሆን ግማሽ ማሽን ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። የመጀመሪያዎቹ የእህል ማጨጃዎች ከወጡ በኋላ በነበሩት 50 ዓመታት የመጡት ትልልቅ ማሻሻያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በምላጩ ላይ ሳይሆን ከምላጩ ኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ማሽኖች የእነዚያ ልጆች ስለሆኑ በአባቶቹ ብንጀምር ልጆቹን መምረጥ ይቀላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሀሲ ወይስ ማኮርሚክ?

በአሜሪካ ኦቤድ ሀሲ የማጨጃ ማሽኑን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1833 የመጨረሻ ቀን ነው። ሳይረስ ማኮርሚክ ያገኘው በ1834 ሰኔ ላይ ሲሆን ማሽኑን ግን ቨርጂኒያ ውስጥ በ1831 በሰው ፊት አሳይቻለሁ ይል ነበር። ማኮርሚክ የቀጠለው አባቱ ሮበርት ለዓመታት ደክሞበት ያልተሳካለትን ሥራ ነው። በቤተሰቡ ዘንድ በባርነት ይኖር የነበረው ጆ አንደርሰንም አብሮት ሠርቷል፤ የመብት ወረቀቱ ላይ ግን የእሱ ስም የለም።

በመቁረጫው ሀሲ ይበልጣል፣ ያለ ክርክር። ባለ ሦስት ማዕዘን ምላጮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው በብረት ጣቶች መካከል ወዲያ ወዲህ ይመላለሳሉ። ጣቱ አገዳውን ደግፎ ይይዛል፣ ምላጩ ይቆርጣል፤ ያው የመቀስ አሠራር ነው። የማኮርሚክ ምላጭ ግን ጠርዙ እንደ ማጭድ ጥርስ የወጣለት ቀጥ ያለ ብረት ነበር። ዛሬ ኮምባይነር (አጭዶ እዚያው የሚወቃው ማሽን) ፊት ላይ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ የምታገኙት የሀሲን ነው። አንድ ምላጭ ቢሰበር እሱን ብቻ ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል። ድክመቱ እርጥብ ሰብልና አረም ሲገጥመው አገዳ ጣቶቹ ውስጥ እየተሰነቀረ መዝጋቱ ነበር፤ ሀሲ በ1847 ጣቶቹን ክፍት አድርጎ ቆሻሻው የሚወጣበት መንገድ ሰጠው።

ከመቁረጫው በቀር ባለው ነገር ግን እኔ ገዢ ብሆን ማኮርሚክን እወስድ ነበር። ምክንያቱ እህሉ የሚወድቅበት ቦታ ነው። በሀሲ ማሽን ላይ የተቀመጠው ሰው የታጨደውን በመንሽ እየገፋ ወደ ኋላ ይጥለዋል። ፈረሶቹ ዞረው ሲመጡ የሚያልፉት በዚያው መስመር ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከመመለሱ በፊት እህሉ ታስሮ መነሳት አለበት። ነዶ አሳሪዎቹ በሙሉ በዚያች ሰዓት ማሳው ላይ ካልተገኙ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። በማኮርሚክ ማሽን ላይ የታጨደው ወደ ጎን ይጎተታል። መንገዱ ክፍት ስለሆነ ማሽኑ ማሳውን ጨርሶ ሊወጣ፣ ነዶው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ሊታሰር ይችላል። ሰው በጠፋበት አገር ይህ ልዩነት ከምላጩ ስለት በላይ ነው።

ማኮርሚክ ሁለት ሌሎች ነገሮችም ነበሩት። አንዱ ከፊት እየተሽከረከረ እህሉን ወደ ምላጩ የሚያስጎነብሰው ክንፍ ነው። ሁለተኛው የሚታጨደውን ካልታጨደው የሚለየው ሹል አፍንጫ ነው። ነፋስ ያጋደመው ሰብል ላይ የሁለቱ ጥቅም ወዲያው ይታያል። የሀሲ ማሽን ክንፍ አልነበረውም፤ በአንጻሩ ሣር ለማጨድ የተሻለው እሱ ነበር። ከብት የሚበዛበት ገበሬ እሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ሁለቱ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተገናኙ። አንድ የለንደን ጋዜጣ የማኮርሚክን ማሽን ከሰርከስ ሠረገላ፣ ከእጅ ጋሪና ከበራሪ ማሽን የተዳቀለ ብሎ አላገጠበት፤ ማሳ ላይ ከተሞከረ በኋላ ግን ትልቁን ሜዳልያ ወሰደ። በመጀመሪያው ሙከራ ጊዜ ሀሲ ራሱ በቦታው አልነበረም። በዚያው ዓመት በሰሜን እንግሊዝ በተደረገ ሌላ ውድድር ደግሞ ዳኞቹ የሀሲን መረጡ። ሌላ ማሳና ሌላ የአየር ሁኔታ ሌላ አሸናፊ አወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሻጭ ኤግዚቢሽን ላይ ያገኘውን ሜዳልያ ሲያሳያችሁ ፈገግ በሉና «የእኔ ማሳ ላይ ሞክረው» በሉት።

የገበያው ውጤት የታወቀ ነው። ማኮርሚክ በ1842 የሸጠው 7 ማሽን ነበር፤ በ1843 ወደ 29፣ በ1844 ወደ 50 አደገ። በ1847 ፋብሪካውን የስንዴው አገር ወደሚጀምርበት ወደ ቺካጎ አዛወረ። ከማሽኑ እኩል የሸጠለት የአሸጣጥ ዘዴው ነው። ገዢዎች ከፊሉን ሲረከቡ፣ ቀሪውን ከአጨዳ በኋላ ይከፍሉ ነበር፤ ዋስትናውም በጽሑፍ ነበር። ይህንን ዛሬም መጠየቅ ነውር የለውም።

ከመሬት ወደ ማሽኑ

በማጭድ የሚያጭድ ሰው በቀን ሩብ ሄክታር ከሞላ ጎበዝ ነው። የአሜሪካ ገበሬ ጣውላ ጣቶች በተገጠሙለት ረጅም ማጭድ አንድ ሄክታር ገደማ ይሠራ ነበር። በፈረስ የሚጎተተው ማሽን 4 ወይም 5 ሄክታር ያጭዳል። ቆራጩ በዚህ ፍጥነት ሲሄድ ወገቡ የሚቆረጠው ነዶ አሳሪው ሆነ። በ1850ዎቹ የታጨደውን በራሱ ክንድ ጠርጎ የሚጥል ማሽን መጥቶ መንሽ የያዘውን ሰው አስቀረው፤ መሬት ላይ የሚያጎነብሱት ግን እዚያው ቀሩ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከኢሊኖይ ወንድማማቾች ከቻርልስና ከዊልያም ማርሽ ነው። በ1858 መብቱን ያገኙበት ማሽን የታጨደውን በሚዞር ሸራ ላይ አድርጎ ከጎማው በላይ ወደ ጠረጴዛ ያወጣዋል፤ ሁለት ሰዎች ማሽኑ ላይ ቆመው እየተጓዙ ያስሩታል። ሰው ወደ እህሉ መሄዱ ቀርቶ እህሉ ወደ ሰው መጣ። በዚያ ዘመን ለሚገዛ ሰው፣ በተለይ ቤተሰቡ ትንሽ ለሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። ደግሞም እህሉ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ የሚያስረውን ሰው በብረት መተካት የቀረ እርምጃ ብቻ ነበር።

ሽቦ ወይስ ሲባጎ?

በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ የወጡት አሳሪ ማሽኖች በሽቦ ነበር የሚያስሩት። ሽቦን ማጠፍና መጠምዘዝ ለማሽን ቀላል ነው። ቋጠሮው አይፈታም፣ አይጥም አትበላውም። የዎልተር ውድና የማኮርሚክ ፋብሪካዎች በብዛት ሸጡት፤ ገበሬውም መጀመሪያ ወዶት ነበር። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። የተቆራረጠ ሽቦ ከገለባው ጋር ወደ ከብት ሆድ ገባ። ከእህሉ ጋር ወፍጮ ቤት ሄዶም ድንጋይ ጎዳ፣ ብልጭታ አስነሳ፤ ወፍጮ ቤቶች በሽቦ የታሰረ ስንዴ አንፈልግም ማለት ጀመሩ።

ሲባጎ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ችግሩ ቋጠሮው ነው። ለስላሳ ገመድ በብረት ጣት መቋጠር እንዴት ይቻላል? የዊስኮንሲኑ ጆን አፕልቢ መልሱን በ1870ዎቹ መጨረሻ አገኘው፤ መልሱም እንደ ወፍ መንቆር ያለች ትንሽ ብረት ናት። መንቆሯ አንዴ ስትሽከረከር ሲባጎው ይጠመጠምባታል፤ አፏን ከፍታ ጫፉን ትነክሳለች። ከዚያ ቢላ ይቆርጠዋል፤ ነዶው ተገፍቶ ሲወጣ ጥምጥሙ ከመንቆሩ ላይ ሾልኮ ቋጠሮ ይሆናል። የማጨጃ አምራቹ ዊልያም ዲሪንግ ይህን ይዞ በ1880 ወደ 3,000 የሚጠጋ አሳሪ ማሽን ሸጠ፤ የሽቦው ዘመን በጥቂት ዓመታት አበቃ። ዛሬ ጭድ የሚያስሩ ማሽኖች ላይ ያለችው ቋጣሪ መንቆር የእሷ ዝርያ ናት።

ሲባጎ የሚያስር ማሽን የገዛ ሰው በየዓመቱ ሲባጎም ይገዛል። ይህንን ወጪ በዚያ ዘመንም ብዙዎች ረስተውት ነበር።

ኮምባይነር ቀድሞ መጥቶ ለምን ዘገየ?

ብዙ ሰው ኮምባይነር የመጨረሻው ፈጠራ ይመስለዋል። ሂራም ሙርና ጆን ሃስካል ሚሺጋን ውስጥ የሚያጭድና የሚወቃ ማሽን መብት ያገኙት በ1836 ነው፤ ከማኮርሚክ 2 ዓመት በኋላ ብቻ። ማሽኑ ይሠራ ነበር፤ እስከ 20 ፈረስም ይፈልግ ነበር። የጎዳው አየሩ ነው። በሚሺጋን እርጥበት እህሉ ማሳው ላይ ቆሞ በቂ ደረቅ አይሆንም፤ ነዶ ሆኖ ተከምሮ መድረቅ ነበረበት። በ1854 አንዱ ማሽን በጋው ደረቅ ወደሆነው ወደ ካሊፎርኒያ ተልኮ 600 ኤከር፣ ማለትም 240 ሄክታር ገደማ ሠራ። ያው ማሽን ነው፤ የተለወጠው ሰማዩ ነው። የካሊፎርኒያ መሬት ሰፊም ነበር፤ በኋላ በበርካታ በቅሎዎች የሚጎተቱ ግዙፍ ኮምባይነሮች የበዙትም እዚያው ነው።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ገዢ የሚተርፈው ብዙ ነው። የአርሲና የባሌ ሜዳማ የስንዴ መሬት ለኮምባይነር የተመቸው ማሳዎቹ ጎን ለጎን ስለተዘረጉ ነው። ተዳፋት ላይ የተበጣጠሰ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ግን በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ፍጥነት በሕልሙ ካልሆነ አያየውም። (ትልቅ ማሽን የመሬት አያያዝን ራሱን ይቀይራል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአርሲው ጭላሎ ትራክተርና ኮምባይነር ሲገባ ብዙ ጭሰኞች ከመሬት ተነቅለዋል።)

ዛሬ ገበያ ላይ

በእጅ እየተነዳ የሚሄደው ትንሽ ማጨጃ፣ አጨዳው አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ስፋት ያለው፣ የሀሲ ምላጭና የማኮርሚክ የጎን አጣጣል ነው፤ ቆርጦ እህሉን በስተጎን በመስመር ያስተኛል። ነዶ አያስርም። ለስንዴና ለገብስ፣ ማሳው ለተበታተነ፣ ጭዱን ለከብት ለሚፈልግ ሰው ከመውቂያ ማሽን ጋር አጣምሮ መግዛት ከሁሉም ያዋጣል የሚል እምነት አለኝ። ወጣቶች በማኅበር ሲገዙት ገንዘቡን ለሁለቱ ማካፈል እንጂ ሁሉንም ትልቅ ማጨጃ ላይ ማፍሰስ አይመከርም። ጤፍ ሌላ ነገር ነው፤ ይተኛል፣ አገዳው ቀጭን ነው፣ ፍሬው ይረግፋል። በተኛ ጤፍ ላይ ሲሠራ ዓይናችሁ ካላየ ገንዘብ አታውጡ።

አሳሪው ማጨጃ የአፕልቢ ልጅ ነው። ጭዱ ሳይሰባበር በነዶ ይወጣል፣ ሰውም ይቀንሳል። ዋጋው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ቋጣሪዋም ቅምጥል ናት፤ ሲባጎው ሲወፍር ወይም ሲቀጥን ታኮርፋለች። ማስተካከል የሚችል መካኒክ በአቅራቢያችሁ ከሌለ ተዉት። ካለ ደግሞ ስትሞክሩት 50 ነዶ አስቆጥራችሁ ስንቱ ሳይታሰር እንደወጣ እዩ።

ኮምባይነር አጨዳን፣ ውቂያንና እህሉን ከገለባ መለየትን በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፤ በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ ከእሱ የሚስተካከል የለም። ጭዱን ግን ቆራርጦ ይበትናል፣ ከፍ አድርጎ ስለሚቆርጥም መሬት ላይ ብዙ ይተዋል። ከብት ያለው ገበሬ ይህንን ኪሳራ ከዋጋው ላይ ይደምረው። መሬታችሁ ለወቅቱ ሙሉ ሥራ የማይሰጠው ከሆነ መከራየት ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ማሽኑን ስትሞክሩ መጀመሪያ ምላጩን ተመልከቱ። ዘንጉ ወደ ጫፍ ሄዶ ሲቆም እያንዳንዱ ምላጭ ልክ በጣቱ መሃል ላይ መቆም አለበት፤ ካለፈ ወይም ካልደረሰ አገዳውን ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ክንፉ ከማሽኑ ጉዞ ትንሽ ብቻ ፈጠን ይበል፤ በጣም ከፈጠነ እየመታ ፍሬ ያራግፋል፣ ከዘገየ እህሉን ወደ ፊት ይገፋዋል። ካቴናውን፣ ቺንግያውንና ኩሽኔታውን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ከዚያ ሻጩን ምላጭ፣ ጣትና፣ አሳሪ ከሆነ ደግሞ ሲባጎ፣ ዛሬ መደርደሪያው ላይ እንዳለው ጠይቁት፤ «እናስመጣለን» ካለ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ሌላ ሱቅ ግቡ።