በደሴ የሰፈራችን ቅሬ ወርሃዊ የእህል ድጋፍ፦ ሚዛኑ፣ ቀኑና መዝገቡ

ቅሬ፣ ማለትም በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባለው የሰፈር መረዳጃ ማኅበር፣ በወሎ ዋነኛ ሥራው ቀብርና ለቅሶ ቢሆንም፣ በደሴ እኔ በምኖርበት ሰፈር ያለው ቅሬ የአስቤዛ ዋጋ ለከበዳቸው አባላቱ በየወሩ ስንዴ፣ ክክና ዘይት ማከፋፈል ጀምሯል። የባለቤቷ ጡረታ ወሩን የማያደርሳት አክስቴ ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ማዳበሪያውን ተሸክሜ የማደርስላት እኔ በመሆኔ አሠራሩን በቅርብ ለማየት ችያለሁ።

በቅድሚያ ሊመሰገን የሚገባው አመዛዘኑ ነው። እህል በጣሳ ሲሰፈር የሰፋሪው እጅ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ግን ባዶው ማዳበሪያ አስቀድሞ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ተቀንሶ ስንዴው ይጨመራል፤ ተቀባዩም ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ ከስሙ ትይዩ ይፈርማል። ዘይቱ ከጀሪካን ወደ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ሲቀዳ ደግሞ መዝጋቢዋ አረፋው እስኪወርድ ትጠብቅና የጎደለውን ትሞላለች። ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛ ሰው ጎደለብኝ ብሎ ይከራከራል፤ ዕርዳታ የሚቀበል ሰው ግን አፍሮ ዝም ስለሚል፣ ሳይጠይቅ ድርሻው መሟላቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ደስ ያሰኘኝ ካሜራ አለመኖሩ ነው። በበዓል ዋዜማ በሚደረገው ማዕድ ማጋራት ዘይት ታቅፎ ፎቶ መነሣት የተለመደ ሆኗል፤ የቅሬው ተመዝጋቢዎች ግን ስማቸው ከመዝገቡ ውጭ አይነገርም። የእህሉም ምርጫ ታስቦበታል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሚታቀፍ፣ ክክና ዘይት በረመዳን ለማፍጠሪያ፣ በሁዳዴም ለጾም ወጥ ይሆናል።

ትልቁ ጉድለት ቀኑ ነው። ሥርጭቱ የሚካሄደው ሰኞ ጠዋት ሲሆን፣ ሰኞ ደግሞ የደሴ ዋናው የገበያ ቀን ነው። ከተመዝጋቢዎቹ ብዙዎቹ ሸክም ተሸክመው ወይም ሽንኩርትና ቃሪያ ቸርችረው የሚያድሩ በመሆናቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁትን ገቢ ትተው በወረፋ ይቆማሉ። አክስቴ ቀኑ እንዲለወጥ ስትጠይቅ የቅሬው ዳኛ (ሰብሳቢው) «እትዬ፣ እህሉን ከገበያ አምጥተን በዚያው ካላደልን ማን ይጠብቅልናል?» ብለው መለሱላት። የመጋዘን ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሌሊት ዘበኛ መቅጠር የብዙ ሰው የቀን ገቢ ከማስቀረት የሚረክስ ይመስለኛል።

ስንዴው ሳይፈጭ መሰጠቱም ሌላ ወጪ ያስከትላል። ከለቀማው በኋላ የወፍጮ ቤት ክፍያ አለ፤ ከዚያም ከሰሉ ወይም መብራቱ። በእጇ አምስት ሳንቲም የሌላት እናት ስንዴውን ንፍሮ ቀቅላ ልጆቿን ታበላለች፣ ወይም ግማሹን ሸጣ ግማሹን ታስፈጫለች። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር በጅምላ ተስማምቶ ዱቄት ማደል ይቻል ነበር።

በመዝገቡ ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ድጋፉ ለቅሬው አባላት ብቻ በመሆኑ፣ ቤት የተከራዩ አዲስ ነዋሪዎችና ከቀያቸው ተፈናቅለው በሰፈሩ የተጠጉ ሰዎች አይካተቱም። ከሁሉ የቸገራቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመመዝገቢያና የወር መዋጮ መክፈል ያቃታቸው እነዚሁ ናቸው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ደሴ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ ካቀፋቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። በዚያ አሠራር መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ተሰማርቶ ከክፍያው 20 በመቶውን ይቆጥባል፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ክፍያው በገንዘብ ስለሆነም ተቀባዩ የጎደለውን ራሱ መርጦ ይገዛል። ቅሬው በዚህ አይወዳደርም፤ የሚበልጠው በፍጥነቱ ነው። ቤት የምትመራ ሴት ታማ ከሥራ ብትቀር፣ ሊጠይቋት የሄዱ ጎረቤቶች ጓዳዋን አይተው በዚያው ወር ስሟን ያስመዘግባሉ፤ ኮታም ሆነ የምልመላ ዙር አይጠበቅም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር የዓለም ምግብ ፕሮግራም የኮምቦልቻ መጋዘኖቹ ተዘርፈው በደሴና በኮምቦልቻ ሥርጭቱን ባቋረጠ ጊዜም፣ በእኛ ሰፈር የሚላስ የሚቀመስ የተገኘው ከጎረቤት ነበር።

ተመዝግቦ ድጋፉን ማግኘት ለሚፈልግ የቅሬ አባል አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የራሱን ማዳበሪያና ንጹሕ ጠርሙስ ይዞ በጠዋት ቢደርስ ወረፋው ይቀልለታል። መለገስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፓስታና መኮሮኒ ከሚያመጣ የወፍጮውን ክፍያ ቢሸፍን፣ ወይም አባል ያልሆነ የአንድ ተከራይ ቤተሰብ መዋጮ ቢከፍል የበለጠ ይጠቅማል፤ ቅሬውም መዋጮው በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑን ዳኛው ነግረውኛል።