ለማካችሁ ባክአፕ የቱን ትመርጣላችሁ? ታይም ማሽን፣ አይክላውድ፣ ባክብሌዝ ወይስ ካርቦን ኮፒ ክሎነር

አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ኪቦርዱ ላይ ተደፋ፣ ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ማክቡኬ ቢነኩት ቢነካኩት አልነሳ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ። «ይሁን፣ ዲስኩን አውጥተህ ዳታዬን ብቻ ስጠኝ» ስለው ሳቀብኝ። ለካ በአዲሶቹ ማክቡኮች ዲስክ ተፈትቶ የሚወጣ ነገር አይደለም። ማከማቻው ቦርዱ ላይ ተበይዷል፣ ዳታውም እዚያው ቺፕ ውስጥ ባለ ቁልፍ ተቆልፏል። ቦርዱ ሲሞት ቁልፉም አብሮት ይሄዳል።

እኔን ያዳነኝ ከሁለት ቀን በፊት ሰክቼው የነበረ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ለማክ የቱ ባክአፕ ይሻላል?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው «የምትፈራው ምኑን ነው?» ብዬ ነው። ፋይል በስህተት መሰረዝ አንድ ነገር ነው፣ ማኩ መሰረቁ ሌላ፣ እንደኔ ውሃ መጠጣቱ ደግሞ ሌላ። አራቱም አገልግሎቶች በየራሳቸው ጎበዝ ናቸው፤ ግን አንዱ የሚያድናችሁ ቦታ ላይ ሌላው ምንም አይፈይድም።

ከታይም ማሽን ልጀምር፣ ምክንያቱም ገንዘቡን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል። ከ2007 ጀምሮ ማክ ውስጥ ተጭኖ ነው የሚመጣው። የሚገዛው ዲስኩ ብቻ ነው። ሰካችሁ፣ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል ስር ገብታችሁ ዲስኩን መረጣችሁ፣ አለቀ። ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን አንድ ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዛል። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀጥላል። ማክሰኞ የጻፋችሁት ነገር ሰኞ የጻፋችሁትን አበላሸው እንበል። ፎልደሩን ከፍታችሁ ታይም ማሽን ውስጥ ትገባላችሁ፣ መስኮቶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ይደረደራሉ፣ ወደ ሰኞ ትመለሱና «ሪስቶር» ትላላችሁ። ፋይሉ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል። በዚህ የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም።

ዲስኩ ቢያንስ የማኩን ማከማቻ እጥፍ ይሁን፤ አፕልም የሚመክረው ይህንን ነው። ውድ ኤስኤስዲ ግን አያስፈልጋችሁም። ተራው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይዘገያል፣ እውነት ነው፣ ግን ሥራው ከጀርባ ስለሆነ ማን ያየዋል? አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዲስኩ ውስጥ ፊልምና ፎቶ ካለ አስቀድማችሁ አውጡት። አብዛኛውን ጊዜ «ልደምስሰው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ ሳያነብ እሺ ይላል።

ድክመቱ ያው ነው። ዲስኩ ከማኩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሌባው አንዱን አንስቶ ሌላውን ትቶላችሁ አይሄድም። ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ደግሞ መሰካቱን ይረሳል፤ ወር ሙሉ ያልተሰካ ባክአፕ ካላችሁ ያላችሁ የአምናው ዜና ነው።

አሁን ወደ አይክላውድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አይፎን በእርግጥ አይክላውድ ላይ ባክአፕ ይደረጋል። ማክ ግን አይደረግም! ለማክ ያለው ሲንክ ነው፦ ፎቶዎቻችሁ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ከፈለጋችሁ ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ፎልደሮቻችሁ በሁሉም ዕቃዎቻችሁ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። አንድ ዓይነት ማለት ደግሞ አንዱ ላይ ስትሰርዙ ሁሉም ላይ ይሰረዛል ማለት ነው። እኔ በሌላ የሲንክ አገልግሎት፣ ስሙን ልተወው፣ ስልኬ ሞላ ብዬ አንድ ትልቅ ፎልደር ከስልኬ አጠፋሁ። ማኬ ላይ አለ ብዬ ነበር። የለም። ሳውቅ የቆሻሻ ቅርጫቱ የሚያቆይበት ጊዜ አልፎ ነበር። አይክላውድ ላይ ያ ጊዜ 30 ቀን ነው።

ሌላም አለ፣ ይሄኛውን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። «ኦፕቲማይዝ ማክ ስቶሬጅ» የሚባለውን ካበራችሁ፣ ቦታ ሲጠብ ማኩ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ ፋይሎችን ክላውድ ላይ ብቻ ያስቀራቸዋል። ፋይንደር ውስጥ ስማቸው ጎን ትንሽ ደመና ታያላችሁ። እነዚህን ታይም ማሽን አይቀዳቸውም፤ ማኩ ላይ የሉማ! ስለዚህ ሁለት ቦታ አለኝ ብላችሁ የምትተማመኑበት ፋይል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል። የማኩ ማከማቻ ከበቃችሁ ይህን ምርጫ አጥፉት።

ነፃው 5 ጊጋባይት ለምንም አይሆንም። ክፍያው ከ50 ጊጋባይት ተነስቶ እስከ 12 ቴራባይት ይሄዳል፣ ከቤተሰብ ጋር እስከ ስድስት ሰው መካፈል ይቻላል። አይፎንና ማክ ይዛችሁ ለምቾት ብላችሁ ብትከፍሉ አልፈርድባችሁም፣ እኔም እከፍላለሁ። ባክአፕ አለኝ ብላችሁ ግን አትተኙ። ጉግል ድራይቭም ድሮፕቦክስም ያው የሲንክ ዘር ናቸው፤ በነፃ የመጀመሪያው 15፣ ሁለተኛው 2 ጊጋባይት ይሰጣል፣ የጉግሉን ግን ጂሜይላችሁም ይጋራዋል።

ባክብሌዝ እውነተኛ ባክአፕ ነው፣ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ። ለአንድ ማክ በወር ወይም በዓመት ትከፍላላችሁ፤ መጠን ገደብ የለውም። ማኩ ላይ ያለውን የእናንተን ፋይል፣ የተሰካ ተጨማሪ ዲስክ ካለም እሱን ጨምሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ኢንተርኔት ይጭናል። አፕሊኬሽኖችንና ሲስተሙን አይወስድም፣ እነሱማ ድጋሚ ይወርዳሉ። ማኩ ቢሰረቅ፣ ቤቱ ቢቃጠል ፋይላችሁ አለ። የጠፋባችሁ ብዙ ከሆነ ደግሞ በሃርድ ዲስክ ጭነው ይልኩላችኋል።

ችግሩ የመጀመሪያው ጭነት ነው። ኢንተርኔታችሁን ስትለኩ የማውረጃውን ሳይሆን የመጫኛውን ፍጥነት እዩ። መጫኛው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ 500 ጊጋባይት ለመጫን ማኩ ሌት ተቀን ሳይተኛ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ዳታ እየተቆጠረ የሚከፍል ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ተጨማሪ ዲስክም ካላችሁ ቢያንስ በየ30 ቀኑ ሰኩት፣ አለበለዚያ የጠፋ ነው ብሎ ቅጂውን ሊሰርዘው ይችላል። የራሳችሁን የመቆለፊያ ቁልፍ ማበጀት ትችላላችሁ፤ ከረሳችሁት ግን እነሱም አይከፍቱላችሁም።

ካርቦን ኮፒ ክሎነር አንዴ ተከፍሎ የሚገዛ አፕ ነው፣ 30 ቀን በነፃ ይሞከራል። ዲስክን ወደ ዲስክ ይገለብጣል። ቅጂው ተራ ፎልደር ሆኖ ፋይንደር ውስጥ ይከፈታል፣ ይህን እወድለታለሁ። ቀድሞ ስሙ የገነነው ግን ማኩ ሲበላሽ ከቅጂው ዲስክ ማስነሳት ስለሚቻል ነበር። ያ ዘመን አልፏል ማለት ይቻላል። ከ2020ው ቢግ ሰር ጀምሮ አፕል ሲስተሙን ስላሸገው፣ አፕል ራሱ የሠራው ኤም ቺፕ ያላቸው ማኮች ደግሞ የውስጥ ዲስካቸው ከሞተ ከውጭ ዲስክ እንኳ ስለማይነሱ፣ በዚህ ምክንያት ብቻ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የሚጠቅመው ብዙ ቪዲዮ ወይም ፎቶ በውጭ ዲስክ ለሚይዝ ሰው ነው፤ ያንን ዲስክ በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጥ ታዙታላችሁ፣ የተበላሸ ፋይል ካለም መርምሮ ይነግራችኋል። ሱፐርዱፐርም ያው ሥራ ይሠራል፣ ቀለል ያለ ነው፤ ነፃው ግን በየጊዜው ሁሉንም እንደ አዲስ ነው የሚገለብጠው፣ የተቀየረውን ብቻ እንዲቀዳ ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ።

ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ፋይል በስህተት ሰረዛችሁ? ታይም ማሽን አንደኛ፣ ባክብሌዝ ሁለተኛ፣ አይክላውድ ቶሎ ከነቃችሁ ብቻ። ማኩ ተሰረቀ፣ ዲስኩም አብሮ? ባክብሌዝ። አይክላውድም ሲንክ ያደረገውን ያህል ያተርፍላችኋል። ቦርዱ ሞተ፣ ነገ ደግሞ ሥራ አለ? ታይም ማሽን፤ አዲሱ ማክ ሲከፈት ማይግሬሽን አሲስታንት ሁሉንም እስከ አፑ ያመጣላችኋል፣ በኢንተርኔት ሳምንት የሚፈጀውን በሰዓታት።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ዲስክ እገዛለሁ። ገንዘብ ከተረፈኝ ባክብሌዝ እጨምራለሁ። ኢንተርኔቱ ደካማ የሆነበት ሰው ሁለት ዲስክ ይግዛ፣ ታይም ማሽን ሁለቱንም ተራ በተራ ይጠቀማል፤ አንዱ ሁልጊዜ ሌላ ቤት ይደር። ካርቦን ኮፒ ክሎነር የሚያስፈልገው ሰው እንደሚያስፈልገው ራሱ ያውቃል።

የቱንም ብትመርጡ መልሳችሁ አውጡበትና ሞክሩት፣ ቢቻል በሌላ ማክ። እኔ አዲሱን ዲስኬን ቆልፌው ነበር። በራሴ ማክ ስሰካው ኪይቼይን የሚባለው የማኩ ፓስወርድ መያዣ ስለሚያስታውስልኝ ምንም አይጠይቀኝም። ጓደኛዬ ማክ ላይ ስሰካው «ፓስወርድ?» አለኝ። ሦስት ሞከርኩ። ሦስቱም አይደሉም።