አትክልት ደብቆ ማብላት ወይስ ከልጅ ጋር አብሮ መስራት?

እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ካሮትና ዱባ ቀቅዬ ፈጭቼ ሽሮ ውስጥ ወይ ፓስታ ሶስ ውስጥ እጨምር ነበር፣ ልጄ ሳታውቅ ትበላለች፣ ኩሽናውም አይዝረከረክም፣ ለደከመ ቀን አሪፍ ነው። ግን ሳህን ላይ ካሮት ስታይ ያው ፊቷን ታዞራለች፣ የለመደችው ሽሮውን እንጂ ካሮቱን አይደለማ።

አብሮ መስራት ግን ሌላ ነገር ነው። የ4 አመት ልጅ ጎመን በእጇ መቀንጠስ፣ ድንች ማጠብ፣ የተቀቀለና የቀዘቀዘ ቀይ ስር በጣቷ መላጥ ትችላለች (ልጣጩ በቀላሉ ይወልቃል፣ እጇ ሲቀላ ደስታዋን ብታዩት!)፣ ቢላና እሳቱ የኔ ነው። ሰላጣው ላይ ሎሚውን ራሷ ትጨምቃለች፣ ያውም ሎሚ ሰውነት ከአትክልት አይረን እንዲወስድ ያግዛል። ጊዜ ይፈጃል፣ ወለሉ ይቆሽሻል፣ ቀምሳም ልትተፋው ትችላለች። አንዳንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜና ከዛ በላይ መቅመስ አለበት፣ ስለዚህ አትቆጧቸው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ አቅርቡላቸው።

የኔ ምርጫ አብሮ መስራቱ ነው፣ ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ። ቀይ ስሩን "እኔ ነኝ የሰራሁት" ብላ አባቷን ስታጎርስ ራሷም ትጎርሳለች።