የጋራ ወርክሾፓችን የኮድ ቁልፍ፣ ከ11 ወር በኋላ

ወርክሾፓችን የጋራ ነው። አናጺውም በያጁም ተደምረን 9 ሰዎች በአንድ የላሜራ በር እንገባለን። ድሮ የምንቆልፈው በጓጉንቸር ነበር። ሥራ የለቀቀ ልጅ ቁልፉን ቢመልስም ስንት አስቀርጾ እንደያዘ በምን ይታወቃል? አንድ ጠዋት ስንገባ ድሪላችን የለም፤ በሩ ግን ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲያ በጎሪጥ መተያየት ጀመርን። ገንዘብ አዋጥተን ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የገዛነው ከድሪሉ ይልቅ ይሄ ስላስጨነቀን ነው።

መጀመሪያ ያየነው ባለ ማግኔቱን ነበር። ማግኔቱ የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ መጠባበቂያ ባትሪው ካለቀ በሩን ይለቀዋል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አይሆንም ብለን ተውነው። የገዛነው በ4 ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ኮድ፣ ካርድና አሻራ የሚቀበል ነው። ከውስጥ እጀታውን መጫን ብቻ ይበቃል። ቲነርና ሰጋቱራ ካለበት ቤት ለመውጣት ሰው ኮድ መጠየቅ የለበትም።

አሻራው አላዋጣንም። ጋሼ የምንላቸው አናጺ አውራ ጣታቸውን ይጭናሉ፤ ቀይ ይበራል። ቱታቸው ላይ ጠረግ አድርገው ይደግማሉ፤ አሁንም ቀይ። ዕድሜ ልኩን የብርጭቆ ወረቀት የያዘ ጣት መስመሩ እንደ ጣውላ ተልጓል፤ ማሽኑ ምኑን ያንብበው? ሰው የገዛ በሩ ላይ እንዲህ ሲቆም ማየት ከልቤ አናደደኝ። አሁን ሁላችንም በኮድ ነው የምንገባው፣ እያንዳንዱ በየራሱ። ሰው ሲለቅ የእሱን ብቻ እናጠፋለን። የማን ኮድ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል፤ የጎሪጥ መተያየቱም ቀረ። ኮላ የነካ ጣት ቁጥሮቹ ላይ ምልክት ስለሚተው ማታ ማታ በጨርቅ እንወለውላለን።

ባትሪው ግን በ3 ሳምንት ያልቅ ነበር። ባትሪው ርካሽ ስለሆነ ነው ብለን አልካላይን የሚባለውን፣ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ዓይነት ገዛን፤ እሱም ቶሎ አለቀ። አንድ ቀን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ ሞተሩ ያቃስታል። ለካ ማጠፊያው ረግቦ በሩ ወርዷል፤ መወርወሪያው ብረቱን እየፋቀ ነው የሚገባው። በያጃችን ማጠፊያውን አስተካክሎ በየደው። ከዚያ ወዲህ 7 ወር ሆነ፣ ባትሪ አልቀየርንም። ስለዚህ ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት በራችሁን ዝጉት። ቀና ካላደረጋችሁት የማይገጥም ከሆነ መጀመሪያ በያጅ ጥሩ።

ድንገት ባትሪው ቢያልቅ፣ ከሥሩ ያሉትን 2 ነጥቦች ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲያስነኩት ነፍስ ይዘራል፤ ኮዱን አስገብቶ መግባት ነው። እሱንም የብረት መክፈቻውንም ጎረቤት ሱቅ አስቀምጠናል። ለዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችንም ይሄንኑ ልንገዛ ነው፣ አሻራ የሌለውን።