200 ይላል፣ እኔ የፈለኩት ግን 50ውን ነው

ሰላም ጀመዓ፣ የሞተሬን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቤቴ ልሰራ ብዬ የገዛኋትን ትንሿን ኢንቨርተር ብየዳ ማሽን እነሆ 4 ወር ሰራሁባት፣ ብዙ የደሴ ልጆች ስለጠየቃችሁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሞተሬ ቦክሰር 150 ናት። የድሮው ማርሚታ ከስር ዝገት በልቶት ሐረጎን ስወርድ ድምጿ ለኔም ለሰፈሩም ጭንቅ ሆኖ ነበር፣ በተለይ ሱብሂ ሰዓት ስወጣ ጎረቤት መቀስቀሱ ያሳፍረኝ ነበር።

ማሽኗን ፒያሳ ካለ የእቃ ሱቅ ነው ያመጣኋት፣ ብራንዷን አልጠራም። ፊቷ ላይ 200 አምፔር የሚል ተለጥፎባታል፣ ባለሱቁም የሚያወራልህ ስለሱ ብቻ ነው። ለማርሚታ ግን ያ ትልቅ ቁጥር ምንም አያረግልህም። እኔ የሰራሁበት ክብ ቱቦ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ነው፣ በዚያ ላይ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይዘህ የምትሰራው ከ40 እስከ 60 አምፔር ነው፣ ትንሽ ካለፍክ ቱቦውን በስቶት ቁጭ ይላል። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ቁራጭ ላሜራ ይዛችሁ ሂዱና "ዝቅ አርገህ አሳየኝ" በሉት። የኔዋ 50 ላይ ወላሂ ቀጥ ብላ ነው የምትሰራው፣ ከ45 በታች ግን ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ሌላው ደግሞ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክምና እሷም አብራ ትደክማለች፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ነው የምሰራው።

ቱቦውን ማጠፍ ነው ከሁሉም ያደከመኝ። ባዶውን ካጠፋችሁት ይጨፈለቃል፣ አሸዋ ጠቅጥቃችሁ ሁለቱንም አፍ በእንጨት ትዘጉና በእሳት አግላችሁ ነው ቀስ እያላችሁ የምታጥፉት። አሸዋው እርጥበት ካለው ግን ውስጡ እንፋሎት ይሆንና እንጨቱን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋል። እናቴ "እንካ፣ ይቺ ለቡናም አትሆንም" ብላ አሮጌ የብረት ምጣድ ሰጠችኝና አሸዋውን እንደ ቡና ቆላሁት፣ መጀመሪያ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል፣ ሲያቆምና አሸዋው ከማንኪያው ላይ እንደ ውሃ ሲፈስ ደርቋል ማለት ነው።

ደግሞ አደራ፣ ነጣ ያለውን የውሃ ቧንቧ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትበይዱ። ላዩ ዚንክ ነው፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ያንን የሳበ ሰው ማታውን ብርድ ብርድ እያለው ሲያተኩሰው ነው የሚያድር። ወተት ጠጡ የሚሉትም አያድናችሁም፣ ጥቁሩን ቱቦ ግዙ በቃ።

መጀመሪያ ሞተሯ ላይ ገጥሜ ነጥብ ነጥብ አርጌ ያዝኩት፣ ከዛ ፈትቼ መሬት ላይ ጨረስኩት። ሞተሯ ላይ እያለ ስትበይዱ ባትሪውንም ሲዲአዩንም (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ሳጥን) ንቀሉ፣ የማሽኗን የመሬት ገመድ መያዣም የምትበይዱበት ቱቦ ላይ አስጠግታችሁ አስነክሱት፣ አለበለዚያ ከረንቱ በኩሽኔታው ዞሮ ያበላሸዋል። ለድምጹ የውስጡን ቱቦ በ4 ሚሊ መብሻ ወንፊት አስመስዬ በሳሁትና ፋይበር ጠቅልዬ የላሜራ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት፣ ጨርቅ ምናምን እንዳትጠቀሙ ይቃጠላል።

የመጀመሪያ ቀን ኮምቦልቻ ስወርድ ጋዝ በለቀኩ ቁጥር ጧ ጧ ትል ነበር። ብየዳው ነው ብዬ ደንግጬ ሳየው ግን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገጥምበት ጋ አየር እየገባ ነው፣ የድሮውን ጋስኬት መልሼ ስለገጠምኩት ነበር፣ አዲስ ስቀይርለት ጸጥ አለች። ካንዴላውን ሳወጣው ነጣ ብሎ ነበር፣ አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው፣ የሚያውቅ ልጅ የካርቡሬተሩን ጄት (ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ከፍ አረገልኝ፣ አሁን ካንዴላው ቡኒ ነው፣ ማሻአላህ።

ማሽኗን ለዚህ ስራ ግዟት እላለሁ፣ ሁለት ጊዜ በያጅ ቤት ከምከፍለው ያነሰ ነው ያወጣሁባት። አብሯት የሚመጣው የእጅ መከለያ ግን አይረባም፣ አንድ እጅ ይይዝባችኋል፣ የጭንቅላቱን ግዙ። የመሬት መያዣውም ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ሩብ ሰዓት ሳትሰሩ ይግላል፣ የኔው በሁለተኛው ሳምንት ላላ፣ ወፍራሙን በዛው ቀን ከዛው ሱቅ ይዛችሁ ውጡ።