«ኮሽን» ወይስ «ዋርኒንግ»?

ፒያሳ አንዱ ሕንፃ ውስጥ ስትገቡ፣ ወለሉ ተወልውሎ በእንግሊዝኛ «ኮሽን» (Caution) የሚል ቢጫ ምልክት ቆሞ ታያላችሁ። ጄኔሬተሩ ላይ ደግሞ «ዋርኒንግ» (Warning) የሚል ብርቱካናማ ልጥፍ አለ። ሁለቱንም «ጥንቃቄ» ብሎ ማለፍ ግን ጥሩ አይደለም።

በአሜሪካ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ መሠረት፣ «ኮሽን» የሚባለው ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊደርስ ሲችል ነው። አዳልጧችሁ እጃችሁ ወለም ቢል፣ እሱ ነው። በእግር ኳስ ሕግም የቢጫ ካርድ ስሙ ይኸው ነው፤ አንዱ ብቻውን ከሜዳ አያስወጣም።

«ዋርኒንግ» ግን ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይታወቅ ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ሱቅ ውስጥ የምታስነሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ ከበርና ከመስኮትም አርቁት።